ከመስክ ሠንጠረዥ እስከ ድርሻ ክፍፍል፦ በናሙና ቦታዎች መካከል ያለውን የዕፅዋት ልዩነት ማብራራት

በደቡብ ጎንደር ባሉ 8 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ በየደኑ 5፣ በድምሩ 40 የናሙና ቦታ ተዘርግቶ ዛፎቹ ተቆጥረዋል እንበል። አንዱ ቦታ ላይ ጥድና ወይራ ይበዛል፤ ሌላው ላይ ዝግባና ጥቁር እንጨት፤ ሌላው ላይ ደግሞ ክትክታና አጋም እንጂ ትልቅ ዛፍ የለም። ይህን ልዩነት ያመጣው ከፍታው ነው? አፈሩ? ልቅ ግጦሹና ቆረጣው? ወይስ የሚቀራረቡ ቦታዎች ስለሚመሳሰሉ ብቻ ነው?

ለዚህ ጥያቄ በብዛት የሚሠራበት ስሌት የልዩነት ክፍፍል ነው፤ በቦታዎች መካከል ካለው የዝርያ ልዩነት ምን ያህሉ በየትኛው ምክንያት እንደሚብራራ በድርሻ ያስቀምጣል። ቦርካርድ፣ ሌዠንድርና ድራፖ እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት ሲሆን፣ ዛሬ በነፃ የሚገኘው አር የተባለው ፕሮግራም ውስጥ ቪጋን በተሰኘው ጥቅል (የትእዛዞች ስብስብ) ይሠራል። ትእዛዞቹን መጻፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከባዱ ሌላ ነው፦ የሚወጣው መቶኛ የሚታመነው የናሙና ቦታዎቹ መሬት ላይ የተዘረጉበት መንገድ በስሌቱ ውስጥ ሲንጸባረቅ ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የሚሰናከሉት በቀመሩ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ይህ መመሪያም ረዘም ያለ ጊዜ የሚያጠፋው እዚያው ነው።

ሁለቱ ሠንጠረዦች

የሚያስፈልጉት ሁለት ሠንጠረዦች ናቸው። በመጀመሪያው እያንዳንዱ ረድፍ የናሙና ቦታ፣ እያንዳንዱ ዓምድ ዝርያ ይሆናል። በሁለተኛው ረድፎቹ እነዚያው ቦታዎች ሆነው ዓምዶቹ ከፍታ፣ ተዳፋት፣ የአፈር ፒኤች፣ የጉቶ ብዛትና የመሳሰሉት ናቸው። የሁለቱ የረድፍ ቅደም ተከተል አንድ መሆን አለበት። ኤክሴል ላይ አንዱን በከፍታ ደርድሮ ሌላውን መርሳት በጣም የተለመደ ነው፤ ፕሮግራሙ ስህተቱን አይናገርም፣ የረድፎቹ ቁጥር እኩል እስከሆነ ድረስ ያሰላል። ለእያንዳንዱ ቦታ መለያ ቁጥር ስጡ፤ ከስሌቱ በፊትም ሁለቱ የመለያ ዓምዶች አንድ መሆናቸውን በትእዛዝ አረጋግጡ።

በዝርያ ሠንጠረዥ ውስጥ ባዶ ክፍል መተው የለበትም። ዝርያው ካልተገኘ 0 ይጻፋል። ምንም ዛፍ ያልተገኘበት ቦታ ካለ ረድፉ በሙሉ 0 ይሆንና ቀጥሎ የሚመጣው ለውጥ በዜሮ ማካፈል ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለው ቦታ ከዚህ ስሌት ይወጣል፤ መውጣቱ ግን በጽሑፉ ውስጥ ይገለጻል፣ ምክንያቱም ባዶ ቦታ ራሱ ስለ ንክኪው፣ ማለትም ስለ ግጦሹና ስለ ቆረጣው፣ የሚናገረው አለ።

በ20 በ20 ሜትር ቦታ የተቆጠሩ ዛፎችንና በ1 በ1 ሜትር የተመዘገቡ ሣሮችን አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አትቀላቅሉ። የቦታው ስፋት 400 እጥፍ ይለያያል፤ ለየብቻ ይተንተኑ። ሽፋኑ የተመዘገበው ከ1 እስከ 9 ባለው የተሻሻለ የብራውን ብላንኬ መለኪያ ከሆነ ደግሞ ቁጥሮቹ ደረጃ እንጂ መቶኛ አይደሉም፤ 8 የ4 እጥፍ ማለት አይደለም። በአካባቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ዝርያም ችግር ያመጣል፤ ግራር ተብሎ የተጻፈው ሦስት ወይም አራት የተለያየ ዝርያ ሊሆን ይችላል። ተጭኖ የደረቀ የቅጠል ናሙና አምጥቶ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ውስጥ ማረጋገጥ ከማንኛውም የስሌት ማሻሻያ የበለጠ ውጤቱን ያጠራል።

የጂፒኤስ ነጥቦቹስ? የኢትዮጵያ የቀድሞ የመሬት አቀማመጥ ካርታዎች በአዲንዳን የአቀማመጥ መነሻ (ዳተም) የተሠሩ ሲሆኑ፣ ጂፒኤስ መሣሪያ ግን ካልተቀየረ በሌላ መነሻ፣ በደብሊውጂኤስ 84 ይመዘግባል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነጥቡ ወደ 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል። ጥቂት ሄክታር ብቻ የሆነ ደን ላይ ይህ ማለት የናሙና ቦታው ከአፀዱ ወጥቶ የጤፍ ማሳ ላይ አረፈ ማለት ነው፤ ከሳተላይት የሚወሰደው መረጃ ሁሉ የማሳው ይሆናል።

ቁጥሩን ለስሌት ማዘጋጀት

ጥሬ የዝርያ ቆጠራ በቀጥታ በተራ (የቀጥታ መስመር) ርቀት ሲለካ የሚያሳስት ውጤት ይሰጣል። ቦታ 1 ላይ አንድ ጥድና አንድ ወይራ አለ፤ ቦታ 2 ላይ አንድ ዝግባ ብቻ፤ ቦታ 3 ላይ አምስት ጥድና አምስት ወይራ። በተራ ርቀት ከ1 እስከ 2 ያለው 1.73፣ ከ1 እስከ 3 ያለው 5.66 ይወጣል። አንድም የጋራ ዝርያ የሌላቸው ሁለት ቦታዎች፣ አንድ ዓይነት ደን ካላቸው ቦታዎች ይልቅ ተቀራረቡ ማለት ነው።

መፍትሔው የሄሊንገር ለውጥ ነው፤ በቪጋን ውስጥ ዲኮስታንድ በሚለው ትእዛዝ ይሠራል። እያንዳንዱን ቁጥር ለረድፉ ድምር ታካፍሉና ስኩዌር ሩቱን ትወስዳላችሁ። 16 ጥድና 9 ወይራ ያለበት ቦታ ድምሩ 25 ነው፤ ጥዱ 0.64 ሆኖ ሩቱ 0.8፣ ወይራው 0.36 ሆኖ ሩቱ 0.6 ይሆናል። ከዚህ በኋላ ከላይ ያሉት ቦታ 1 እና 3 ርቀታቸው 0፣ ቦታ 1 እና 2 ደግሞ 1.41 ይሆናል፤ ይህም ከሁሉ የራቁ ቦታዎች የሚያገኙት ጣሪያ ነው። እዚህ ላይ የጠፋ ነገር እንዳለ ግን አስተውሉ፦ ቦታ 3 ላይ አምስት እጥፍ ዛፍ መኖሩ ከእንግዲህ አይታይም። ጥያቄያችሁ ስለ ዛፍ ጥግግት ከሆነ ሄሊንገር መልሱን ይሰርዘዋል፤ ያኔ የብዛት ልዩነትንም በሚቆጥረው በብሬይ ከርቲስ ርቀት ላይ የሚሠራውን አርዲኤ (ዝርያዎቹን በገላጮቹ የሚገምት፣ ከታች የሚብራራ ስሌት) ተጠቀሙ።

ቅልመቱ፣ ማለትም ከቦታ ቦታ ያለው የአካባቢና የዝርያ ለውጥ፣ በጣም ረጅም ከሆነም አካሄዱ ይቀየራል። በባሌ ከሐረና ደን 1,500 ሜትር ተነሥቶ ሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር የሚደርስ ቅኝት ላይ ታችና ላይ የሚጋሩት ዝርያ እምብዛም የለም። ይህን ለማወቅ መጀመሪያ ዲሲኤ የተባለውን፣ ቦታዎችን በዝርያ ለውጣቸው በዘንግ ላይ የሚደረድር ስሌት ሥሩና የመጀመሪያውን ዘንግ ርዝመት እዩ። ከ3 በታች ከሆነ ቀጥተኛው ስሌት ማለትም አርዲኤ ይበቃል፤ ከ4 በላይ ከሆነ ሲሲኤ፣ ማለትም ዝርያ በቅልመቱ አንድ ቦታ ላይ በዝቶ በግራና በቀኝ ይቀንሳል ብሎ የሚነሣው ስሌት፣ ይሻላል ወይም ዳታው በከፍታ ቀበቶ ይከፈል። ሲሲኤ ለብርቅ ዝርያዎች ትልቅ ክብደት ስለሚሰጥ፣ እሱን ከመረጣችሁ በአንድና በሁለት ቦታ ብቻ የታዩትን ዝርያዎች ከማስወጣታችሁ በፊትና በኋላ አስልታችሁ አወዳድሩ።

ገላጭ ተለዋዋጮች

ገላጮች የሚባሉት ልዩነቱን ያብራራሉ ተብለው የሚገቡት የሁለተኛው ሠንጠረዥ ዓምዶች ናቸው። ተማሪዎች የለኩትን ሁሉ ስሌቱ ውስጥ ያስገባሉ። ይህ መቅረት አለበት። ለ40 ቦታ ከ4 እስከ 8 ገላጭ በቂ ነው፤ ምድብ የሆነ ተለዋዋጭ ከምድቦቹ ቁጥር በአንድ የሚያንስ ገላጭ ሆኖ እንደሚቆጠር አትርሱ።

ከፍታና ከወርልድክሊም (የዓለም የአየር ንብረት ካርታ) የተወሰደ የሙቀት መጠን አብረው አይገቡም። ወርልድክሊም በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ክፍል የተሠራ ሲሆን፣ በጣቢያዎች መካከል ያለውን ሙቀት የሚገምተው ከፍታን ተጠቅሞ ነው። ትንሽ አካባቢ ላይ የምታገኙት ሙቀት እንግዲህ ከፍታው ራሱ በሌላ መለኪያ ነው። የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላ መቶኛም ድምራቸው ሁልጊዜ 100 ስለሆነ ሦስተኛው ምንም አዲስ ነገር አይጨምርም፤ አንዱ ይውጣ። ኦርጋኒክ ካርቦንና ጠቅላላ ናይትሮጅንም አብዛኛውን ጊዜ አብረው ስለሚሄዱ አንዱ ይበቃል። ለማረጋገጥ ቪአይኤፍ የተባለውን መለኪያ እዩ። ቀመሩ 1 ÷ (1 − አር ስኩዌር) ነው፤ አር ስኩዌር የተብራራው ልዩነት ከ0 እስከ 1 ያለው ድርሻ ነው፤ አንድ ገላጭ በሌሎቹ 0.8 ያህል ከተብራራ ቪአይኤፉ 5፣ 0.9 ያህል ከተብራራ 10 ይሆናል። ከ10 በላይ የሆነውን በእርግጠኝነት አስወጡ፤ ከ5 በላይ የሆነውን መርምሩ። የትኛው ይውጣ የሚለውን ግን ኮምፒውተሩ አይወስን። ለዕፅዋቱ በቀጥታ የሚደርሰው የትኛው እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የተዳፋት አቅጣጫ በዲግሪ እንዳለ አይገባም። 350 እና 10 ዲግሪ በ20 ይለያያሉ እንጂ በ340 አይደለም። ኮሳይኑ የሰሜንነት፣ ሳይኑ የምሥራቅነት መጠን ስለሚሰጡ ሁለቱን አስገቡ፤ አር የሚቀበለው ራዲያን ስለሆነ ዲግሪውን መጀመሪያ በፓይ አባዝታችሁ ለ180 አካፍሉ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተለመዱ የፀሐይ ሙቀት ጠቋሚዎችን ግን ዝም ብላችሁ አትውሰዱ። እነሱ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ታልፋለች ብለው ይነሣሉ፤ እኛ ዘንድ ግን በሰኔ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች።

ንክኪን ከ0 እስከ 3 በሚል ግምት ከመመዝገብ ጉቶ መቁጠር፣ የከብት እበት ክምር መቁጠር፣ እስከ ቅርቡ መንገድ ያለውን ሜትር መለካት ይመረጣል። ቆጠራዎቹ በአብዛኛው ወደ አንድ ጎን ስለሚያጋድሉ 1 ጨምራችሁ ሎጋሪዝማቸውን ውሰዱ። ፒኤች ራሱ ሎጋሪዝም ስለሆነ አይነካም። በመጨረሻም ገላጮቹ በሜትር፣ በመቶኛና በቁጥር የተለኩ ስለሆኑ ሁሉንም ወደ አማካይ 0 እና መደበኛ ልይይት 1 አምጡ፤ ያኔ በውጤቱ ሥዕል ላይ ያሉት የገላጮቹ ቀስቶችና ኮፊሸንቶቻቸው ይወዳደራሉ።

መዝጋቢውና የመስክ ቀኑም ሁለተኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ዓምድ ይኑራቸው። አምስት ደን በመስከረም፣ ሦስቱ በየካቲት ከተጠና በየካቲት የጠፉት ዓመታዊ ሣሮች የደን ልዩነት መስለው ይወጣሉ።

የተስተካከለው አር ስኩዌር

አርዲኤ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው፦ እያንዳንዱን የዝርያ ዓምድ በገላጮቹ ይገምታል፣ ከዚያ ግምቶቹን አንድ ላይ ወስዶ ዋና ዘንጎቻቸውን ያወጣል። የተገመተው ልዩነት ለጠቅላላው ሲካፈል አር ስኩዌር ይሰጣል። ችግሩ ገላጭ በጨመረ ቁጥር ይህ ቁጥር ከፍ ማለቱ ነው፤ 40 ቦታ ላይ 39 የዘፈቀደ ቁጥር ዓምድ ብታስገቡ 1 ይወጣል። ስለዚህ የሚዘገበው የተስተካከለው ነው፦

የተስተካከለ አር ስኩዌር = 1 − (1 − አር ስኩዌር) × (ቦ − 1) ÷ (ቦ − ገ − 1)

ቦ የቦታዎች ብዛት፣ ገ የገላጮች ብዛት ነው። 40 ቦታና 10 ገላጭ ኖሮ ጥሬው 0.45 ከሆነ፣ 0.55 × 39 ÷ 29 = 0.74 ስለሚሆን የተስተካከለው 0.26 ብቻ ነው። አሥር ትርጉም የለሽ ገላጭ እንኳ በአማካይ 10 ÷ 39፣ ማለትም 0.256 ጥሬ አር ስኩዌር ያመጣ ነበርና መውረዱ ትክክል ነው።

0.26 ሲያዩ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ሊደነግጡ አይገባም። የብዙ ዝርያዎች ቆጠራ ውስጥ የዘር መውደቅ አጋጣሚ፣ የድሮ ቆረጣ፣ የአንድ ዛፍ ሞት ሁሉ አለ፤ ይህን ማንም መለኪያ አይዘውም። ይልቅስ 0.80 ሲወጣ ነው ቆም ብሎ መጠርጠር።

ገላጮችን በደረጃ መምረጥ ካስፈለገ መጀመሪያ ሁሉም ገላጮች ያሉበትን ሙሉ ሞዴል በፐርሙቴሽን፣ ማለትም ረድፎቹን ደጋግሞ በማደበላለቅ፣ ፈትሹ። እሱ ካላለፈ መምረጥ አይቻልም፤ ከብዙ ከንቱ ገላጭ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የሚያበራ ይገኛልና። ካለፈ ኦርዲ አር ቱ ስቴፕ የተባለው ትእዛዝ በሁለት መስፈርት ያቆማል፦ የፒ ዋጋው (በአጋጣሚ ብቻ ይህን ያህል ውጤት የመገኘት ዕድል) ከገደቡ ሲያልፍ፣ ወይም የተስተካከለው አር ስኩዌር ከሙሉው ሞዴል ሲበልጥ።

ድርሻውን መክፈል

ገላጮቹን በትርጉም ቡድን ክፈሉ፤ ለምሳሌ አንዱ የመሬት አቀማመጥና አፈር፣ ሌላው ንክኪ። ቫርፓርት የተባለው ትእዛዝ ሦስት ሞዴል ያሰላል። የመጀመሪያው ቡድን ለብቻው 0.22፣ ሁለተኛው ለብቻው 0.15፣ ሁለቱ አንድ ላይ 0.28 ሰጡ እንበል። የአፈርና የአቀማመጥ ብቸኛ ድርሻ 0.28 − 0.15 = 0.13፤ የንክኪ ብቸኛ ድርሻ 0.28 − 0.22 = 0.06፤ የጋራው 0.22 + 0.15 − 0.28 = 0.09፤ ያልተብራራው 0.72 ነው።

የጋራው ድርሻ የሁለቱ መስተጋብር ውጤት ተደርጎ ሲጻፍ ይታያል። ይህ ስህተት ነው። የጋራ ድርሻ ማለት ሁለቱ ቡድኖች እርስ በርስ ስለሚያያዙ ለማን እንደሚሰጥ ያልታወቀ ልዩነት ነው፦ ለጥ ያለና ዝቅ ያለው መሬት ላይ ከብትም ይበዛል፣ አፈሩም ጥልቅ ነው። ይህን የሚፈታው ስሌት ሳይሆን ለጥ ያለ መሬት ላይ ንክኪ የሌለበት፣ ተዳፋት ላይም ንክኪ ያለበት ቦታ ፈልጎ መጨመር ነው። በዚያው ምክንያት የጋራው ድርሻ ፒ ዋጋ የለውም፤ የሚፈተኑት ብቸኛ ድርሻዎቹ ናቸው፣ እነሱም ሌላውን ቡድን ቋሚ አድርጎ በሚሠራ ከፊል አርዲኤ። አንዳንዴ ድርሻ ከዜሮ በታች ይወጣል። ብቸኛ ድርሻ −0.01 ከሆነ ገላጩ ከዘፈቀደ ቁጥር የተሻለ አላብራራም ማለት ነውና እንደ ዜሮ ይተረጎማል። የጋራው በግልጽ አሉታዊ ከሆነ ግን ሁለቱ ቡድኖች አብረው ሲሆኑ ለየብቻ ከሚያብራሩት ድምር በላይ ያብራራሉ ማለት ስለሆነ አትሰርዙት፣ ዘግቡት።

ፐርሙቴሽኑ መሬቱን ይምሰል

ፒ ዋጋው የሚገኘው የረድፎቹን ቅደም ተከተል ደጋግሞ በማደበላለቅ ነው። ነባሪው አሠራር 40ዎቹን ቦታዎች ሁሉ እንደ ነፃ ቆጥሮ ያደበላልቃል። የእኛ ቦታዎች ግን በ8 ደን ውስጥ አምስት አምስት ሆነው የተቀመጡ ናቸው፤ በአንድ አፀድ ውስጥ ያሉ አምስት ቦታዎች አንድ አፈር፣ አንድ የጥበቃ ታሪክ፣ አንድ የዘር ምንጭ ይጋራሉ። ሁሉንም በነፃ ማደበላለቅ ፒ ዋጋውን ያለ አግባብ ያሳንሰዋል።

ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ገላጭ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የሚለያየው በደን ውስጥ ነው ወይስ በደኖች መካከል? እንደ ተዳፋት፣ እንደ ጉቶ ብዛት፣ ከዳር እስከ ውስጥ እንዳለው ርቀት ያለው በደን ውስጥ ስለሚለያይ፣ ማደበላለቁ በየደኑ ውስጥ ብቻ ይገደብ። ሀው በተባለው ትእዛዝ ደኑን ብሎክ (ማደበላለቁ የማይሻገረው ክልል) ማድረግ ነው። በድንጋይ አጥር መከበብ አለመከበብ ግን የደኑ እንጂ የቦታው ባሕርይ አይደለም። ለሱ ደኖቹ በጅምላ ይቀያየራሉ፣ በውስጣቸው ያሉት ቦታዎች አይነኩም። ይህ ሁለተኛው መንገድ በየደኑ እኩል የቦታ ቁጥር ይፈልጋል፤ አንዱ ደን 4 ሌላው 6 ካለው ትእዛዙ ስህተት ይመልሳል። ያኔ የየደኑን አማካይ ወስዶ በ8 ረድፍ መሥራት ይቻላል።

አሁን ስሌቱ የሚናገረው ይመጣል። 4 ደን ብቻ ቢኖርና 2ቱ የታጠሩ ቢሆኑ፣ የታጠረ የሚለውን መለያ ማደል የሚቻልበት መንገድ 6 ብቻ ነው፤ ተቃራኒ ድልድሎች አንድ ዓይነት ውጤት ስለሚሰጡ ትንሹ ፒ ዋጋ 2 ÷ 6፣ ማለትም 0.33 ነው። በየደኑ 50 ቦታ ብትዘረጉም አይወርድም። በ8 ደን መንገዱ 70 ይሆንና ትንሹ 0.029 ነው። ያንኑ 40 ቦታ በ10 ደን አራት አራት አድርጎ መዘርጋት ደግሞ 252 መንገድ ሰጥቶ ወደ 0.008 ያወርደዋል። ስለ አጥር የሚጠይቅ ጥናት ደን እንጂ ቦታ መጨመር አለበት፤ ይህን ማስላት ያለበት በጀቱ ከመጻፉ በፊት ነው።

የማደበላለቁ ቁጥር 999 ሲሆን ትክክለኛው ፒ ዋጋ 0.05 ቢሆን፣ የሚወጣው በቀላሉ ከ0.036 እስከ 0.064 ይዋዥቃል። ገደቡ አጠገብ ከሆናችሁ 9999 አድርጉት፤ የዘፈቀደ መነሻ ቁጥሩንም መዝግቡ።

አዶኒስ ቱ የሚባለውን የቡድን ንጽጽር የምትጠቀሙም ተመሳሳይ ገደብ ስጡት። ገላጮቹ በተራ ሲፈተኑ ቀድሞ የተጻፈው ብዙውን ድርሻ ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ሌሎቹ ባሉበት እንዲፈተን ማርጂን የሚለውን አማራጭ በግልጽ ጻፉ። በተጨማሪ የየቡድኑን ሥርጭት የሚያወዳድረውን ቤታዲስፐር አሠሩ። የታጠሩት ደኖች እርስ በርስ በጣም ሲመሳሰሉ ያልታጠሩት የተበተኑ ከሆኑ፣ በተለይ የቡድኖቹ ቁጥር እኩል ካልሆነ፣ የወጣው ልዩነት የአማካይ ሳይሆን የሥርጭት ሊሆን ይችላል።

የቦታ ቅርበት

በሰፊ ደን ውስጥ በእኩል ርቀት ለተዘረጋ ቅኝት ከዩቲኤም (በሜትር ከተለካ አቀማመጥ) ነጥቦች የሚወጡት፣ የቦታዎቹን ቅርበት የሚገልጹ ዲቢሜም የተባሉ ተለዋዋጮች እንደ ሦስተኛ ቡድን ይገባሉ። እነሱን ከማስገባታችሁ በፊት ከዝርያ ሠንጠረዡ ቀጥተኛውን የቦታ ዝንባሌ አስወግዱ። ለተሰባሰቡ ቦታዎች ግን አይመቹም፤ የመቁረጫ ርቀታቸው (ከዚያ በላይ የሚራራቁ ቦታዎች እንደ ጎረቤት የማይቆጠሩበት ገደብ) በደኖች መካከል ባለው ረጅም ክፍተት ስለሚወሰን በአንድ ደን ውስጥ ያለው መዋቅር ሁሉ ይዋጣል። እዚያ የደኑን ማንነት ራሱን እንደ ምድብ ማስገባት ይሻላል። አንድ ጥንቃቄ፦ አጥር በደኑ ማንነት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስለሚካተት ብቸኛ ድርሻው በቀመሩ ምክንያት ዜሮ ይሆናል። አጥር አይጠቅምም የሚል ድምዳሜ ከዚህ አይወጣም። የቦታ ቅርበት ብቸኛ ድርሻ ትልቅ መሆንም የዘር ሥርጭት ውስንነትን አያረጋግጥም፤ ያልተለካ የአፈር ባሕርይም ያንኑ መልክ ይሰጣል።

የዝርያ ብዛት ብቻ ከሆነ

ጥያቄው በየቦታው ስንት ዝርያ አለ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ለቆጠራ የሚሆነው የፖይሰን ሞዴል ደኑን የዘፈቀደ ተጽእኖ አድርጎ በጂኤልኤምኤም (የቡድኖችን ልዩነት በሚይዝ ሞዴል) ይሠራል። የቀሪው ልዩነት ከሚጠበቀው በግልጽ ከበለጠ ወደ ኔጋቲቭ ባይኖሚያል፣ ማለትም ሰፋ ያለ መዋዠቅ ወደሚፈቅደው የቆጠራ ሞዴል፣ ቀይሩ፤ ዳርማ የሚባለው ጥቅል ይህን በሥዕል ያሳያል። ሁለት አር ስኩዌር ዘግቡ፦ በገላጮቹ ብቻ የተብራራውንና ደኑ ሲጨመር የተብራራውን። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ትልቅ ከሆነ፣ ደኖቹን የሚለያየው ዋናው ነገር ገና አልተለካም ማለት ነው። ደኖቹ ከ5 ካነሱ የዘፈቀደ ተጽእኖው ግምት ስለማይጸና ደኑን ቋሚ ምድብ አድርጉት።

በጽሑፉ ውስጥ

የቦታና የደን ብዛት፣ የተጣሉ ቦታዎችና ዝርያዎች፣ የተደረገው ለውጥ፣ በየቡድኑ የገቡ ገላጮች፣ እያንዳንዱ ድርሻ በተስተካከለ አር ስኩዌር፣ ማደበላለቁ በምን እንደተገደበና ስንት ጊዜ እንደተደረገ፣ የቪጋን ስሪት ቁጥር ይጻፉ። የድርሻዎቹ ክበቦች ሥዕል ብቻውን አይበቃም፤ ከሥሩ ሠንጠረዥ ይኑር፣ ያልተብራራውም ረድፍ ሳይቀር።